የቆየ ሞተር ሳይክል እሳት ሲያጣ፦ በማግኔት የሚሠራ ሲዲአይ ብልሽትን በቅደም ተከተል መፈለግ

ለዓመታት ሲያገለግል የኖረ ሞተር ሳይክል ድንገት እሳት፣ ማለትም የካንዴላውን ብልጭታ፣ ሲያጣ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሲዲአይ የሚባለውን፣ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት የሚቆጣጠረውን ጥቁር የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው። ሣጥኑ ታሽጎ የተሠራ ስለሆነ ውስጡን ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ የማይታይ ነገርን መጠርጠር ደግሞ ቀላል ነው። ይሁን እንጂ በእጄ ካለፉት የእሳት ብልሽቶች መካከል ጥፋቱ የሣጥኑ ሆኖ የተገኘው በጥቂቶቹ ላይ ብቻ ነው። በአብዛኛው ችግሩ የተገኘው በተላጠ ሽቦ፣ በዛገ ማገናኛ፣ በማጥፊያው ቁልፍ፣ በቀለም በተሸፈነ ግራውንድ (ኤሌክትሪኩ በብረቱ አካል በኩል የሚመለስበት መገናኛ) ወይም በፍላይዊሉ፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ማግኔት ያለበት ጎማ፣ ሥር ባሉት የሽቦ ጥቅሎች (ኮይሎች) ላይ ነበር። ሣጥኑ መጨረሻ ላይ የሚፈረድበት እንጂ መጀመሪያ የሚቀየር ዕቃ አይደለም፤ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተልም በዚሁ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጽሑፉ የሚመለከተው የባትሪ እርዳታ ሳያስፈልጋቸው ከማግኔት በሚያገኙት ኃይል የሚነሡትን ሞተር ሳይክሎች ነው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1968 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ዲቲ የተባለ ሞዴል በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን በሚያስነሣ መገናኛ) የሚሠራ ነበር፤ የኋለኞቹ ዲቲ 125 እና ዲቲ 175 ግን በ1970ዎቹ መገባደጃ ወደ ሲዲአይ ተሸጋገሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው ሆንዳ ኤክስኤል 185 ኤስም በዚሁ ጎራ ይመደባል። ኃይሉን ከባትሪ የሚወስድ ሲዲአይ የተገጠመለት ሞተር ሳይክል ያላቸው አንባቢዎች ብዙው ምክር ቢጠቅማቸውም፣ ስለ ማጥፊያው ሽቦና ስለ ቻርጅ ኮይል የሚነገረው ለእነርሱ እንደማይሠራ ይወቁት።

እሳቱ ከየት ተነሥቶ የት ይደርሳል?

ፍላይዊሉ ሲዞር በውስጡ ያሉት ማግኔቶች በቻርጅ ኮይሉ አጠገብ እያለፉ ከመቶ እስከ ጥቂት መቶ ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ። ይህ ኤሌክትሪክ ወደ ሲዲአይ ሣጥኑ ገብቶ በዳዮድ አንድ አቅጣጫ እንዲይዝ ከተደረገ በኋላ በካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀማል። ፒስተኑ እሳት ወደሚፈልግበት ቦታ ሲደርስ ፒክአፕ ኮይሉ ትንሽ ምልክት ይልካል፤ ምልክቱም ታይሪስተር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ በር ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት ካፓሲተሩ የያዘውን ሁሉ ወደ ዋናው ኮይል ያፈስሰዋል፤ ኮይሉም ኃይሉን ወደ ብዙ ሺህ ቮልት አሳድጎ ወደ ካንዴላው ይልከዋል።

ብልሽት መፈለግ ማለት ይህ መንገድ የቱ ላይ እንደተቋረጠ ማወቅ ነው። ፍለጋውን ከካንዴላው ጀምሮ ወደ ኋላ ማድረግ የሚሻለው በካንዴላው በኩል ያሉት ዕቃዎች ለማየትም ለመለወጥም የሚቀሉና ርካሽ ስለሆኑ፣ በፍላይዊሉ በኩል ያሉት ግን ብዙ መፍታት ስለሚጠይቁ ነው።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ብዙ አይደሉም፤ ጥሩ መልቲሜትር፣ ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ቀጭን ብርጭቆ ወረቀት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ማጽጃና የሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ በቂ ናቸው። የጥገና መጽሐፉን እንደ ተጨማሪ ነገር አይመልከቱት፤ የጥቅሎቹ ልክ ከሞዴል ሞዴል እጅግ ስለሚለያይ ያለ መጽሐፉ የሚነበበው ቁጥር ብዙ አይናገርም።

ከመጀመርዎ በፊት ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ካንዴላው ወጥቶ በቀዳዳው በኩል የቤንዚን ትነት እየወጣ ብልጭታ መሞከር እሳት ያስነሣል፤ ስለዚህ ካንዴላውን ከቀዳዳው አርቀው ያሳርፉት፣ ቀዳዳውንም በጨርቅ ይድፈኑት። ሁለተኛ፣ ካንዴላው ከሞተሩ አካል ጋር ሳይነካካ የማስነሻ ፔዳሉን አይምቱ፤ መውጫ ያጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ የኮይሉን ወይም የሣጥኑን የውስጥ ሽፋን በስቶ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ደህና የነበረው ዕቃ በሙከራው ምክንያት ይበላሻል። ሰውነትዎንም በዚህ መንገድ ላይ አያስገቡ።

ካንዴላው፣ ቆቡና ወፍራሙ ገመድ

ፍለጋውን አዲስ በሆነ ካንዴላ ይጀምሩ። አሮጌውን አጽድቶ መሞከር ጊዜ ያጠፋል፤ ምክንያቱም በውስጡ የተሰነጠቀ ሸክላ በዓይን አይታይም። ክፍተቱን በመጽሐፉ መሠረት ያስተካክሉ፤ በእነዚህ ሞተር ሳይክሎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩን በጥላ ቦታ አድርገው ፔዳሉን አጥብቀው ይምቱ። የሲዲአይ ብልጭታ ዕድሜው አጭር ስለሆነ በጠራራ ፀሐይ ሳይታይ ያመልጣል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ «እሳት የለም» የተባለ ሞተር አጋጥሞኛል።

ብልጭታ መታየቱ ብቻውን ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም። በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ታምቆ ስለሚገኝ ብልጭታው ክፍተቱን ለመዝለል ውጭ ከሚጠይቀው በላይ ቮልቴጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ 6 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ክፍተት ባለው መሞከሪያ መፈተን ይበልጥ ያስተማምናል። በዚህ ላይ በከፍታ ቦታ የምንኖር ሰዎች ልናስብበት የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ዝቅ ይላል፤ በሳሳ አየር ውስጥ ብልጭታ በቀላሉ ስለሚዘልል ደካማ ኮይልም ጠንካራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸው ከፍታ ለባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ ካርቡራተር ከሚገባው በላይ ቤንዚን እንዲሰጥ ስለሚያደርግ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ሰውም ጥላሸቱን አይቶ «እሳቱ ደክሟል» ይላል። አዲስ ካንዴላ አስገብተው ሞተሩ ለጥቂት ቀናት በደንብ ከሠራ በኋላ ተመልሶ የሚያስቸግር ከሆነ፣ ከሽቦ በፊት የካርቡራተሩን ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ቀዳዳ) ይመልከቱ።

በካንዴላው ላይ የሚሰካውን ቆብ ከወፍራሙ ገመድ ላይ በማዞር ያውጡትና በመልቲሜትር ይለኩት። ሬዚስተር ያለበት ቆብ ብዙውን ጊዜ 5,000 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ምንም ካላነበበ ወይም ሲያንቀሳቅሱት ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ ይለውጡት። ካንዴላው በስሙ ውስጥ «አር» የሚል ፊደል ካለው እርሱም የራሱ ሬዚስተር እንዳለው ያስታውሱ። የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ከተገኘ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ቆቡን እንደ ገና ያጥብቁት። በምሽት ጨለማ ውስጥ ሞተሩ እየሠራ በገመዱ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ሲሮጥ ከታየ ሽፋኑ አርጅቷል።

ሲዘጋ የሚገናኘው ቁልፍ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በባትሪ በሚሠራ ተሽከርካሪ ቁልፉ ሲጠፋ ሽቦው ይቋረጣል፤ በማግኔት በሚሠራ ሲዲአይ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሞተሩን ለማጥፋት ቁልፉ የሲዲአዩን የማጥፊያ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋል፤ ያኔ የቻርጅ ኮይሉ ኃይል ካፓሲተሩን ሳይሞላ ወደ ግራውንድ ይፈስሳል። ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። የማጥፊያው ሽቦ ከተቆረጠ ሞተሩ አልጠፋም ይላል፤ ሽፋኑ ተልጦ ሻንሲውን ከነካ ደግሞ ቁልፉ «ክፍት» ላይ ሆኖም እሳት አይኖርም።

ስለዚህ ካንዴላውን ከቀየሩ በኋላ የሚቀጥለው ሥራ ይህን ሽቦ ከሲዲአዩ ላይ መንቀል ነው። በያማሃም ሆነ በሆንዳ ሽቦው ብዙውን ጊዜ ነጭ መስመር ያለበት ጥቁር ነው። ነቅለው ሲመቱ እሳት ከመጣ ሣጥኑም፣ ኮይሉም፣ ጥቅሎቹም ደህና ናቸው፤ ችግሩ በእጀታው ላይ ባለው ማጥፊያ፣ በቁልፍ ቤቱ ወይም በመካከላቸው ባለው ሽቦ ላይ ነው። በመሪው አንገት አካባቢ መሪው በተዞረ ቁጥር የሚታጠፈውን የሽቦ እቅፍ በጥንቃቄ ይመርምሩት፤ በዝናብ ጊዜ ብቻ እሳት የሚያጣ ሞተር ከሆነ ደግሞ የእጀታውን ማጥፊያ ፈትተው ውሃና ዝገት ይፈልጉበት። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ ሞተሩ ከተነሣ በቁልፍ እንደማይጠፋ አይርሱ። ማርሽ አስገብተው፣ ፍሬን ይዘው፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው በመልቀቅ ያጥፉት።

ግራውንድና ማገናኛዎች

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዲቲ 125 ሙሉ በሙሉ ፈትቼ ሻንሲውን ቀለም አስቀብቼ መልሼ ገጠምኩት። ከመፈታቱ በፊት በአንድ ምት የሚነሣው ሞተር ከተገጠመ በኋላ ጭራሽ እሳት አልነበረውም። ሲዲአይ ገዛሁ፤ አልተለወጠም። ኮይል ገዛሁ፤ አሁንም አልተለወጠም። ዋናው ኮይል ከግራውንድ ጋር የሚገናኘው በሚታሰርበት ብሎን በኩል መሆኑንና አዲሱ ወፍራም ቀለም ያንን መንገድ ሙሉ በሙሉ እንደዘጋው የገባኝ ሳምንት ካለፈ በኋላ ነበር። በብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ስፍቀው ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ያን ገንዘብ ለሌላ ነገር አውለው ነበር፤ ስለዚህ ይህን ክፍል የሚያነብ ሰው ዘልሎ እንዳያልፈው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የግራውንድ ምርመራው እንዲህ ነው። መልቲሜትሩን በኦም ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ በሲሊንደሩ ላይ፣ ሌላውን በኮይሉ የብረት እግር ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያም በሲዲአዩ የግራውንድ ሽቦ ላይ ይድገሙት። ሽቦው በያማሃ ጥቁር፣ በሆንዳ አረንጓዴ ነው። ንባቡ የመልቲሜትሩ ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ሲነካኩ ከሚያሳዩት ቁጥር እምብዛም መብለጥ የለበትም። ከበለጠ መገናኛውን ብረቱ እስኪታይ ያጽዱ። የማያስተማምን ከሆነ ከሞተሩ አካል እስከ ኮይሉ እግር ድረስ ተጨማሪ ሽቦ ይሳቡ፤ ትንሽ ሽቦ ብዙ ጭንቀት ያስቀራል።

ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ በማጽጃ ይጠቡ፣ የላላውን የሴት ጫፍ በፒንሳ በጥቂቱ ያጥብቡ። ሽቦው ወደ ማገናኛው ከሚገባበት ቦታ ላይ ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትሹት፤ ከአርባ ዓመት በላይ የተንቀጠቀጠ ሽቦ ሽፋኑ ደህና መስሎ ውስጡ ተበጥሶ ሊገኝ ይችላል።

መለካት

ከዚህ በኋላ ነው መልቲሜትሩ ዋና መሣሪያ የሚሆነው። በዋናው ኮይል ቀዳሚ ጥቅል በኩል፣ ማለትም ከሲዲአዩ በሚመጣው ሽቦ መግቢያና በግራውንዱ መካከል፣ የሚነበበው በጣም ትንሽ ቁጥር ነው፤ አንዳንዴ ከ1 ኦም በታች ይሆናል። ሽቦው በያማሃ ብርቱካናማ፣ በሆንዳ ብዙ ጊዜ ቢጫ መስመር ያለበት ጥቁር ነው። ቁጥሩ ይህን ያህል ትንሽ ስለሆነ መጀመሪያ የመልቲሜትሩን ጫፎች አነካክተው የራሱን ንባብ ይያዙና ከውጤቱ ላይ ይቀንሱ። በወፍራሙ ገመድና በግራውንድ መካከል ያለው ሁለተኛ ጥቅል በብዙ ሺህ ኦም ይቆጠራል፤ ይህን የሚለኩት ቆቡ ወጥቶ ነው።

ከፍላይዊሉ ሥር የሚወጡትን ሽቦዎች ከሲዲአዩ ነቅለው ይለኩ። ቻርጅ ኮይሉ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ኦም ሲሆን ፒክአፕ ኮይሉ ከአሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ኦም ይሆናል፤ ትክክለኛውን ግን ከመጽሐፉ ይውሰዱ። መጽሐፉ የሚሰጠው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ የተሰላ ነው። መልቲሜትሩ ምንም ካላነበበ ጥቅሉ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ደግሞ ሽፋኑ ተቃጥሎ ተነካክቷል።

በኦም ልክ የሆነ ጥቅል ሥራውን ላይሠራ ይችላል፤ ምክንያቱም መልቲሜትሩ የሚለካው በራሱ ትንሽ ባትሪ እንጂ በመቶዎች ቮልት አይደለም። ስለዚህ ጥርጣሬ ካለ ፔዳሉ ሲመታ የሚወጣውን ከፍተኛ ቮልቴጅ መለካት ያስፈልጋል። ለዚህ የሚሆን መሣሪያ ከ1ኤን4007 ዳዮድና 630 ቮልት ከሚችል ትንሽ ካፓሲተር በቤት ሊሠራ ይችላል፤ ዳዮዱ ወደ ካፓሲተሩ ያሳልፋል፣ መልቲሜትሩም በካፓሲተሩ ላይ በቀጥተኛ ቮልት ይለካል። በኋለኞቹ የሆንዳ የጥገና መጻሕፍት ላይ በብዛት የሚገኘው ዝቅተኛ ልክ ለቻርጅ ኮይል 100 ቮልት፣ ለፒክአፕ ኮይል 0.7 ቮልት ነው። ለአሮጌ ሞዴል እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ መመዘኛ ይውሰዱት። ከእያንዳንዱ መለካት በኋላ ካፓሲተሩን በሬዚስተር ባዶ ያድርጉት።

ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ

ይህ ከሁሉም ብልሽቶች ትዕግሥት የሚፈትነው ነው። ሞተሩ ጠዋት ያለ ችግር ይነሣል፣ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፣ ከዚያ እንደ ተቆረጠ ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ከቆመ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል። ጋራዥ ሲደርስ ቀዝቅዞ ስለሚገኝ መካኒኩ የሚለካው ሁሉ ልክ ይሆናል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቅሉ ውስጥ ያለች የፀጉር ያህል ቀጭን ሽቦ ሙቀት ሲያሰፋት የምትለያይ፣ ወይም ሽፋኗ ሲሞቅ የምትነካካ መሆኗ ነው።

መፍትሔው በጠፋበት ቦታ ላይ መለካት ነው። መልቲሜትሩን በኪስዎ ይዘው ይሂዱ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው የቻርጅና የፒክአፕ ኮይሎቹን ማገናኛ ነቅለው ይለኩ። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ሬዚስታንሱ በ0.39 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በ20 ዲግሪ 300 ኦም የነበረ ጥቅል 100 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 394 ኦም ቢያሳይ ጤነኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጥሩ ጥቅል ተጥሎ አይቻለሁ። መጠርጠር ያለበት ንባቡ ጨርሶ ሲጠፋ፣ ሲዋዥቅ ወይም ሙቀቱ ጨምሮ ሳለ ቁጥሩ ሲቀንስ ነው።

በታንከሩ ሥር ያለውን ዋና ኮይል ለመለየት ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ሞተሩ ሲጠፋ ጨርቁን ማገናኛዎቹን ሳያረጥቡ በኮይሉ ላይ ጠቅልለው ለጥቂት ደቂቃዎች ያቆዩት። እሳቱ ቶሎ ከተመለሰ ጥፋተኛው እርሱ ነው፤ ካልተመለሰና ሞተሩ ራሱ ሲቀዘቅዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በፍላይዊሉ ሥር ያሉትን ጥቅሎች ይጠርጥሩ። የተበላሸ ቻርጅ ኮይል አዲስ ካልተገኘ የሞተር ጥቅል በሚጠቀልሉ ባለሙያዎች ሊሠራ ይችላል፤ አሮጌውን ሲሰጧቸው የሽቦውን ውፍረትና የዙሩን ብዛት እንዲቆጥሩ ይንገሯቸው።

ፍላይዊሉ

እሳት እያለ ሞተሩ ፔዳሉን ወደ ኋላ የሚመልስ፣ በማርሚታ የሚተኩስ ወይም አልነሣም የሚል ከሆነ እሳቱ ጊዜውን ስቷል። ፍላይዊሉን በክራንክ ሻፍቱ ላይ በቦታው የምትይዘው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሽ ሽብልቅ ነች፤ ማጥበቂያው ብሎን ከላላ ሽብልቋ ተቆርጣ ፍላይዊሉ በጥቂት ዲግሪ ይዞራል። ፍላይዊሉን ለማውጣት የሞዴሉን ፑለር (ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ) ይጠቀሙ። በመዶሻ መምታት ማግኔቶቹን ሊሰነጥቅ፣ የክራንክ ሻፍቱንም ኩሽኔታ ሊጎዳ ይችላል። ከወጣ በኋላ በማግኔቶቹ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ያጽዱ፤ ዘይት ካለ ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) አርጅቷል ማለት ስለሆነ ጥቅሎቹን ከማጽዳት በፊት እርሱን ይለውጡ። ሲመልሱ ሾጣጣውን የክራንክ ጫፍ ከዘይት ነፃ ያድርጉ፣ ብሎኑንም በመጽሐፉ ልክ ያጥብቁ። የእሳቱን ጊዜ በብልጭታ መብራት (ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ በሚል መሞከሪያ) ሲያረጋግጡ መብራቱን ኃይል የሚሰጠው ከሞተር ሳይክሉ 6 ቮልት ሳይሆን ከሌላ 12 ቮልት ባትሪ መሆን አለበት።

አሁን ሣጥኑ

ካንዴላው አዲስ፣ የማጥፊያው ሽቦ የተነቀለ፣ ግራውንዱ የጸዳ፣ ሦስቱም ጥቅሎች በብርድም በሙቀትም ልክ ሆነው ሳለ እሳት ከሌለ ሣጥኑን መጠርጠር ተገቢ ነው። ሲዲአይን በመልቲሜትር ኦም መፈተን ብዙም አያስተማምንም፤ በውስጡ ያሉት ዳዮዶችና ታይሪስተር በእያንዳንዱ መልቲሜትር የተለያየ ንባብ ይሰጣሉ። የሚበጀው ከአንድ ዓይነት ሞዴል የሚሠራ ሣጥን ተውሶ መሞከር ነው። አዲስ ሲገዙ በማግኔት የሚሠራውንና በባትሪ የሚሠራውን አያምታቱ፤ የማገናኛቸው ቅርጽ ተመሳሳይ ሆኖ የሽቦዎቹ ቦታ ሊለያይ ስለሚችል፣ ከመሰካትዎ በፊት እያንዳንዱን ሽቦ ከመጽሐፉ ሥዕል ጋር ያመሳክሩ። ሣጥኑን ከሲሊንደሩ ሙቀት ርቆ በጎማ ላይ ይግጠሙት።

ሞተሩ ሲነሣ ለፍለጋው የነቀሉትን የማጥፊያ ሽቦ መልሰው ይሰኩና ሞተሩ በቁልፉም በእጀታው ማጥፊያም እንደሚጠፋ ያረጋግጡ። የለኩትንም ቁጥር ሁሉ፣ ሲለኩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ይሁን ትኩስ ጭምር፣ በወረቀት ጽፈው ከመቀመጫው ሥር ካለው የመሣሪያ ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡት።